የእማማ ግሪማኔሳ ኩዮች

ስምንት ዓመቴ ሳለ በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ሁለት መዳፎቼን ዘርግቼ አሳይቻለሁ። መዳፎቼ ቀልተው፣ ቆዳቸውም እዚህም እዚያም ተልጦ ነበር። እነሱን ካየ በኋላ ሌላ ማስረጃ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ እማማ ግሪማኔሳ ከመንደራችን ከሚቱፓታ ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡ።

አባቴ ሳቱርኒኖ ኩይ አርቢ ነበር። እኛ ተራራ ላይ ኩይ የሌለበት ቤት የለም። ጅራት የለውም፣ ከጥንቸል ያንሳል፣ ሣር የያዘ ሰው ሲመጣ ከሩቅ ሰምቶ ያፏጫል። ለሠርግ ይጠበሳል፣ ለአራስ ሾርባ ይሆናል። ሌላው ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃ ሥር ይለቀዋል፤ አባቴ ግን ከቤታችን ጀርባ በጭቃ ጡብ ለብቻው ቤት ሠርቶ፣ ውስጡን በጉረኖ ከፋፍሎ፣ በየጉረኖው አንድ አውራ ከሰባት ሴት ጋር ያስገባ ነበር። የሚፈልገው አንድ መልክ ብቻ ነው፤ ቀይና ነጭ፣ ጠጉሩ የተኛ፣ ጀርባው ሰፊ፣ ራሱ ትልቅ። ከዚህ ውጭ ሆኖ የተወለደውን ሁሉ ገና በግልገልነቱ ለድስት ይለየዋል።

ጎረቤታችን እማማ ግሪማኔሳ የዚህ ተቃራኒ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው። የሳቸው ኩዮች ምድጃው ሥር፣ አልጋው ሥር፣ በየሣጥኑ ውስጥ ይርመሰመሳሉ፤ የአንዱ መልክ ካንዱ አይገጥምም። ጠጉሩ ገላው ላይ ስምንት ቦታ እንደ ጽጌረዳ የሚሽከረከር ነበረ። ጠጉሩ መሬት የሚጠርግ፣ ካልተራመደ በቀር ራሱ የቱ ጋ መቀመጫው የቱ ጋ እንደሆነ የማይለይ ነበረ። የአመድ መልክ ያላቸው ነበሩ፤ ድፍን ጥቁሮችም ነበሩ፤ ጥቁሮቹን መድኃኒት አዋቂዎች ከሩቅ መንደር ድረስ መጥተው ይለምኗቸዋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእናቴ ቤት በፊት የምገባው እሳቸው ዘንድ ነበር። የትኛውን ከየትኛው ማገናኘት እንደሚበጅ፣ ግልገሉ ምን ዓይነት ጠጉር እንደሚያወጣ ለማወቅ አያቶቹን ማየት እንደሚያሻ፣ ኩይ ሲያነሱት አንድ እጅ ከሥሩ መደገፍ እንዳለበት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ እንጀራዬ የሆነው ሙያ የጀመረው እዚያ ምድጃ አጠገብ ነው።

በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ ታች ከተማው ላይ የኩይ ትርዒት ይደረጋል። ከተራራው ሁሉ ሰው ሣጥኑንና ቅርጫቱን ይዞ ይወርዳል። ነጭ ካፖርት የለበሱ ዳኞች በየጠረጴዛው ይዞራሉ፤ ኩዩን አንስተው ጀርባውን ይዳብሳሉ፣ ገልብጠው ጣቶቹን ይቆጥራሉ፣ ጠጉሩን እፍ ብለው ከፍተው ቆዳውን ያያሉ፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል። ትርዒቱ ሲያልቅ ከተወዳዳሪዎቹ ግማሹ እዚያው አደባባይ ላይ ይጠበሳል፤ ይህ ያኔ ምንም አያስደንቀኝም ነበር።

በዚያ ዓመት አባቴ ምርጥ አውራውን ይዞ ወረደ። እኔ እማማ ግሪማኔሳን ላግዝ ብዬ ረጅም ጠጉር ያላትን እናት ኩይ ከአራት ግልገሎቿ ጋር ተሸከምኩ። ጠረጴዛው ላይ ከመውጣቷ በፊት እማማ የራሳቸውን ማበጠሪያ ከጉያቸው አውጥተው ጠጉሯን ከመሐል ከፍለው ግራና ቀኝ አስተኙላት። የአባቴ አውራ ሦስተኛ ወጣ። የእማማ ኩይ ከእናቶቹ ሁሉ አንደኛ ሆነች። ዳኛው ሰማያዊ ጥብጣብ ሲያስርላት ግልገሎቿ ጥብጣቡን ማኘክ ጀመሩና አደባባዩ በሙሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። እናቴ የሰጠችውን ድንችና አይብ ሳይፈታው ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ከባሕር ጠረፍ በኩል የመጣ አንድ ሰው ዘንድ ሄዶ ቆየ። ሰውዬው ሣጥን በሣጥን ላይ ደራርቦ የያዘ፣ ማንም የማያውቀው ነጋዴ ነበር። አባቴ ከምርጥ ሴቶቹ አራቱን ሰጥቶ አንድ አውራ ይዞ ተመለሰ። እንደዚያ ያለ ኩይ አይቼ አላውቅም፤ የድመት ያህላል፣ ጉንጩ ተነፋፍቷል፣ ጆሮው እንደ ቅጠል ወርዷል፣ ሲይዙት አይንፈራገጥም። ጉንጩን አይቶ አባቴ «ከንቲባ» አለው።

ወደ መንደር ስንመለስ በጭነት መኪናው ላይ የገብስ ከረጢት ተደግፌ አንቀላፍቼ ነበር። የነቃሁት በእማማ ግሪማኔሳ ድምፅ ነው።

«ቤትህን ባዶ ያደርግብሃል» አሉት አባቴን።

አባቴም፣ «ቀኑብኝ እንዴ፣ እማማ?» አለ። መኪናው ላይ የነበረው ሰው ሳቀ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። እኔ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤ እውነትም የቀኑ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት ምን እንዳሉ ያወቅኩት አብራን ከተሳፈረች ሴት፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እንግዳውን ለብቻው እንዲያስቀምጠው፣ አንድ ወር እስኪሞላው ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቅለው፣ የነካበትንም እጅ ሳይታጠብ ወደ ሌሎቹ እንዳይገባ ነበር የለመኑት። አባቴ በዚያው ምሽት ከንቲባን ከምርጦቹ ሴቶች ጋር አስገባው።

ያን ሰሞን አጎቴ ፎርቱናቶ ቤታችን ይመላለስ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ የመንደሩም ሊቀ መንበር። የበቆሎ ጠላቸውን እየጠጡ ስለ ራስና ስለ ጅራት ያወራሉ። ራሱን ካልያዝነው ጅራቱ ምን ይረባናል ይላል አጎቴ። በፈቃዱ የሚለቅ እንደሌለ አባቴ ይመልሳል። እኔ ስለ ከንቲባ የሚያወሩ መስሎኝ፣ ዳኞች ራስ ትልቅ እንዲሆን እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ «ኩይ እኮ ጅራት የለውም» አልኳቸው። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ፤ አጎቴም ከኪሱ የተቆላ በቆሎ ዘገነልኝ። የሚያወሩት ስለ መስኖው ቦይ ነበር። የቦዩ ራስ ላይ ያለው እርሻ የእማማ ግሪማኔሳ ነው፤ ውሃው መጀመሪያ እሳቸውን ያጠጣል፣ ለኩዮቻቸው የሚዘሩት አልፋልፋ ሣር በበጋ እንኳ አረንጓዴ ነው። የኛ እርሻ ጅራቱ ላይ ነበር፤ በጋው ነሐሴ ላይ ሲጠና የሚደርሰን ጭቃ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ኩዮቻችን መታመም ጀመሩ። መጀመሪያ እርጉዞቹ ጨነገፉ። ከዚያ የሌሎቹ ጠጉር ቆመ፤ የኋላ እግራቸውን እየጎተቱ ጥግ ይይዛሉ፤ ጠዋት ሲከፈት አምስትም ስድስትም ሞተው ይገኛሉ። ከንቲባ ግን እንደ ወትሮው ይበላ ነበር። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ አጠጣቻቸው፤ አባቴ በሩ ላይ ቀይ ክር አሰረ። ከሁሉ የከፋው ዝምታው ነበር። ሣር ተሸክሜ ስገባ የሚያፏጭ አልነበረም። አጎቴ መጥቶ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የጎረቤታችሁስ እየሞቱ ነው ወይ? አልሞቱም ነበር። አንድም አልሞተም።

ሐሙስ ቀን አስተማሪያችን ስላልመጣ ረፋድ ላይ ተመለስኩ። አባቴና እናቴ ወደ እርሻችን ድንች ሊቆፍሩ ሄደዋል። ከኩዮቹ ቤት ኮቴ ሰምቼ ስገባ እማማ ግሪማኔሳ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው፣ ከጣሳ ነጭ ዱቄት እየዘገኑ በየጥጉና በደፉ ላይ ይነሰንሳሉ። ሲያዩኝ አልደነገጡም። ከረጢት ሰጡኝና አፉን ከፍቼ እንድይዝላቸው አዘዙኝ። ያዝኩ። ጥግ ላይ ተከምረው የነበሩትን የሞቱ ኩዮች አንድ በአንድ እያነሱ ከተቱ፣ ዱቄቱንም በላያቸው ደጋግመው በተኑበት፤ ከረጢቱ በሽንት ርሶ ስለነበር ዱቄቱ መዳፌ ላይ ቦካ። እስከ ሃያ ስድስት ቆጠርኩ። ከረጢቱን ተሸክመው ወደ ገደሉ ከመውረዳቸው በፊት ጎንበስ ብለው፣ «አባትሽን እኔው አነጋግረዋለሁ፤ አንቺ ዝም በይ፣ እንዳይቆጣሽ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ መዳፌ ይቃጠል ጀመር። እናቴ ስትመለስ ቀልቶ፣ ተልጦ አገኘችው። የሞተ እንስሳ እንዳልነካ በጥብቅ ተነግሮኝ ስለነበር ዱላ ፈራሁ። እማማ ግሪማኔሳ ኩዮቹ ቤት ገብተው ነጭ ዱቄት እንደነሰነሱ፣ እኔንም እንደነካኝ ተናገርኩ። ከረጢቱን መያዜን አላነሳሁም። እናቴ እጄን በቅቤ ስትቀባ አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ አጎቴ ቤት ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት የመንደሩ ጉባኤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። አጎቴ ከፊቴ በርከክ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። እንደዚያ በለሰለሰ ድምፅ አነጋግሮኝ አያውቅም።

«ፊና፣ ያ ዱቄት የአጥንት ዱቄት ይመስል ነበር?»

ጠንቋዮች የሰው ቤት ለማጥፋት ይበትኑታል ሲባል ከመስማት በቀር የአጥንት ዱቄት አይቼ አላውቅም። ግን አጎቴ ነው፣ ሊቀ መንበር ነው፣ እያየኝም ራሱን ይነቀንቃል። አዎ አልኩ። መኪናው ላይ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ ቤትህ ባዶ ይሆናል ብለዋል አልኩ። ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቀውኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩ፤ ይህኛው እውነት ነበር። ከዚያ እጄን እንዳሳይ ነገረኝና ዘረጋሁት። ከሴቶቹ በኩል የተነሳው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

እማማ ግሪማኔሳ ኖራ ነው ብለው ተናገሩ፤ የሰማቸው የለም። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ፊና፣ ከረጢቱን ማን ያዘልኝ?»

ጫማዬን አየሁ። የግራው ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር። ማንም መልሴን አልጠበቀም፤ አጎቴ ወዲያው፣ «ልጅቷን እንዳታናግሪያት» አላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ መንደሩ ውስጥ እማማን አንቺ ያላቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንቱ ያላቸው አልነበረም።

ከግቢው በቀጥታ ወደ ቤታቸው ተሄደ። ኩዮቻቸውን ከምድጃው ሥር፣ ከአልጋው ሥር እያወጡ በከረጢት ሞሉና ወደ ወንዙ ወረዱ። ጤነኞች ስለነበሩ በኃይል ያፏጩ ነበር። እኛ ቤት ጸጥ ካለ በኋላ እንደዚያ ያለ ፉጨት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ባለ ጥብጣቧ እናት ኩይ ከአንዱ ሰው እጅ አምልጣ መንገዱ መሐል ቆመች፤ ጠጉሯ ጭቃ ነክቶት ነበር። አባቴ አነሳትና ከሌሎቹ ጋር ጨመራት። እማማ ሊያስጥሉ ሲሞክሩ አንዱ ገፋቸውና ክንዳቸው ተሰበረ። ማክሰኞ ዕለት ገብስ የጫነ መኪና ላይ ሲወጡ ያንን ክንድ በሻርፓቸው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነበር። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ክፉ ነገር ከቤታችን የወጣ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ኩዮቻችን መሞታቸውን አላቆሙም፤ መስከረም ሲገባ የተረፉት አራት ብቻ ነበሩ። አንዱ ከንቲባ ነበር። ጉባኤው የቦዩን ራስ እርሻ ለአባቴና ለአጎቴ እኩል አካፈለ። በሚቀጥለው ዓመት አልፋልፋ ተርፎን ለጎረቤት ሰጠን። እኔ ሁዋንካዮ ከተማ ወርጄ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት፣ ከዚያም የእንስሳት እርባታ ትምህርት ቤት የገባሁት በዚያ እርሻ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አስተማሪያችን የሞተ ኩይ ሆድ ከፍቶ ጉበቱን አሳየን። አብጦ፣ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ባሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ተሞልቶ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ጤነኛ የሚመስል አዲስ እንስሳ እንደሆነ፣ ስለዚህ እንግዳ ኩይ ለብቻው መቆየት እንዳለበት፣ የሞቱት ርቀው እንደሚቀበሩና ቤቱ በኖራ እንደሚነሰነስ ነገረን። ኖራው እርጥብ እጅ ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጉ አለ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ትምህርት አለፈ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ፈተና ላይም መጣ፤ በትክክል መለስኩ። ለማንም ምንም ሳልናገር ከዚያ በኋላ ሌላ ሃያ ዓመት ኖርኩ።

ያንቀሳቀሰኝ ሥራዬ ነው። የምሠራበት የእርባታ ጣቢያ የጥንቱን የተራራ ዘር፣ ባለ ሽክርክሪት ጠጉሩንና ረጅም ጠጉሩን ፈልጌ እንዳመጣ ላከኝ። አሥራ አንድ መንደር ዞርኩ፤ ያገኘሁት ሁሉ ከጣቢያው የወጣው ቀይና ነጭ ዘር ነበር። ሚቱፓታ ስደርስ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ጠየቅኩ። ያኔ አልተወለደችም። «እንደሱ ያሉት ጠንቋይዋ ዘንድ ነበሩ ይባላል፤ ከሷ ጋር ጠፉ» አለችኝ።

ከሷ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄድኩ። ቦዩ ራስ ላይ አልፋልፋ ያጭድ ነበር፤ ሰባ ዓመት አልፎታል። ስለ ከንቲባ፣ ስለ ጉበቱ፣ ስለ ሁሉም ነገርኩት። ማጨዱን አላቆመም።

«ኖራ ነበር፣ አባዬ» አልኩት።

«ያኔ አጥንት ነው ያልሽው።»

«ቃሉን አፌ ውስጥ ያስገባው አጎቴ ነው።»

«እኔ የልጄን ቃል አመንኩ» አለ። ያጨደውን አስሮ ትከሻው ላይ ካደረገ በኋላ፣ የተማርሽው በዚህ ሣር ነው ብሎኝ ወደ ቤቱ አቀና።

እማማን ፈልጌ ማዕድን የሚያቀልጡበት ከተማ ደረስኩ። የእህታቸው ልጅ ሆቪታ በሩን ከፈተችልኝ። አክስቷ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ክንዳቸው ተጣሞ ስለገጠመ በአንድ እጃቸው የማዕድን ሠራተኞች ልብስ እያጠቡ ኖሩ፤ ኩይ እንደገና አላረቡም። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ከዚያ ሾርባ ጨልፋ ፊቴ አስቀመጠች።

«ስላንቺ ያወሩ ነበር» አለች። «የልጅቷን እጅ ሳላጥብላት ሄድኩ፣ ቸኩዬ ነበር ይሉ ነበር። የሚጸጸቱት በሱ ብቻ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ከረጢቱን የያዝኩት እኔ መሆኔን ጭምር።

«እሳቸው ምረውሻል። እኔ አልማርኩሽም። ይህን ያልሽኝን እዚያ መንደሩ ፊት ብለሽዋል?»

ገና ነኝ አልኳት። ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ አለችኝ። ሾርባውን ጨርሼ እስክነሳ ድረስ አልተቀመጠችም፤ ሳህኑን ተቀብላኝ በሩን ከፈተችልኝ። መቃብራቸው የት እንደሆነ ግን ነገረችኝ፤ ሄጄ መስቀሉ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ።

በሚቀጥለው ወር ጉባኤው በዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ሲሰበሰብ ተነሥቼ ቆምኩ። ከረጢቱን የያዝኩት እኔ መሆኔን፣ ዱቄቱ ኖራ እንደነበር፣ በሽታው በአባቴ እጅ ከትርዒቱ እንደመጣ፣ እርሻውም በዚያ ሰበብ ወደኛ እንደዞረ ተናገርኩ። አጎቴ ፎርቱናቶ አርጅቶ በልጁ ክንድ ተደግፎ ነበር የተቀመጠው፤ መስማቱን አላውቅም። አባቴ ሳልጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ስድሳ ያህል ሰው ቀረ።

ጸሐፊው ወጣት ነው። ይህ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ ወይ ብሎ ጠየቀ። ይግባ አልኩ። የሴትዮዋን ሙሉ ስም ጠየቀ። አዲሱ ሊቀ መንበር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው ውሃ የተጋሩ ሰዎች ናቸው፤ የአባታቸውን ስም የሚያውቅ አልተገኘም።

«ግሪማኔሳ ሁዋይታ ፖማ» አልኩ።

ጸሐፊው ፊደሉን እያስደገመኝ ጻፈው። ሊቀ መንበሩ ሌላ የሚናገር ሰው እንዳለ ጠየቀ። አልነበረም። ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ ወደ ቦዩ ጠረጋ ተሻገሩ።